ለጌቲን ያልፈረምኩት ወረቀት

ውድ ጌቲን፣

ሚስትህ ኔሪስ ማክሰኞ ዕለት ወረቀትህን ይዛ መጣች። ሻይ አፈላሁላት፤ አልነካችውም። «ጌቲን ከጣሪያ በወደቀበት ቀን የኤምሪስ ቅጥር ሠራተኛ ነበር» ይላል ወረቀቱ። ከፈረምኩልህ የሕመም ክፍያ ታገኛለህ፤ ካልፈረምኩ ቤቱን ባንክ ይወስደዋል። አልፈረምኩም። መልሴን በሴት አፍ መላክ ስላልፈለግሁ ነው የምጽፍልህ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጥሬ ነበርክ። የዓመት ፈቃድህን ከፍያለሁ፣ ጉንፋን በያዘህ ቁጥር ከፍያለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ መሮኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ዓርብ፣ የላኔሊ ከተማን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ስንጠግን፣ «ከሰኞ ጀምሮ ቅጥሬ አይደለህም፤ የራስህ ጌታ ነህ» አልኩህ። አቤት ደስታህ! ለመጠጥ ቤቱ ሰው ሁሉ ቢራ ጋበዝክ። ሥራው ያው፣ መሰላሉ ያው፣ አዛዡም እኔው። መኪናህ ላይ ስምህን አስጻፍክ እንጂ ምን ተለወጠ?

ኔሪስ ግን ብልህ ናት። ከየሳምንቱ ገቢህ ለግብር እየቀነሰች ማስቀመጥ ጀምራ ነበር። አንተ ደግሞ ቅጹን ይዘህ እኔ ዘንድ መጣህ።

«አለቃ፣ ይሄን የብሔራዊ መድን መዋጮ ልክፈል እንዴ?»

«መዋጮውን? ስንት ዓመትህ ነው አንተ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ታዲያ ጡረታ ልትወጣ ነው? ትርፍህን ዝቅ አድርገህ ጻፍ። ግብሩም ይቀርልሃል፣ መዋጮውም በውዴታ ይሆናል። በውዴታ የሚከፍል ደግሞ ሞኝ ብቻ ነው!»

እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። ኔሪስ ያጠራቀመችውን ይዛችሁ ስፔን ለሽርሽር ሄዳችሁ። ከባሕሩ ዳር ፎቶ ላክህልኝ፣ የፀሐይ መነጽር አድርገህ።

አሁን ልናዘዝልህ። እኔ መዋጮዬን በየወሩ ከባንክ አስቆርጣለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ወር አልዘለልኩም። ሰው ሲወድቅ መንግሥት መጀመሪያ የሚያየው መዋጮውን እንደሆነ አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ደበቅሁብህ? ብትከፍል ኖሮ «አያዋጣኝም፣ የቀን ዋጋዬን ጨምርልኝ» ትለኝ ነበር። ለዚህ ብቻ ነው። ሌላ ከበድ ያለ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

ወገብህ ተሰብሮ ሆስፒታል በተኛህ ጊዜ የወይን ፍሬ ይዤ ልጠይቅህ መጣሁ። ከመድን ቢሮው የተላከውን ደብዳቤ አሳየኸኝ፤ መዋጮ ስለሌለህ የሚሰጥህ ነገር የለም ይላል። «ለካ ሞኙ እኔ ነኝ፣ አለቃ» አልከኝ። አንጀቴን በላኸው፣ አልዋሽህም። ግን ብፈርምልህ የራስህ ጌታ የሆንክበትን የሦስት ዓመት የመዋጮ ዕዳ ሁሉ እኔ ላይ ይከምሩታል። ከራስ በላይ ነፋስ ነው፣ ልጄ።

አንድ ነገር ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። ታናሽ ወንድምህ አይቮር ትናንት ሥራ ሊጠይቀኝ መጣ። ቤታችሁን ከባንክ ለማትረፍ ነው አለ። ከሰኞ ጀምሮ ባንተ ቦታ ይገባል፤ እሱም የራሱ ጌታ ሆኖ።

«መዋጮውስ? ጌቲን አጥብቀህ ጠይቀው ብሎኛል» አለኝ።

«ለሚከፍል ሰው ሥራ የለኝም» አልኩት።

 እሺ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

እግዜር ለመቀመጥ ያብቃህ፣ ጌቲን።

የቀድሞ አለቃህ፣
ኤምሪስ