የእናቴ የግንባር ንቅሳት

ፋሂም፣

ለእናቴ አርባ ወደ ሸቤ ሄጃለሁ። ካሜራው አልጋህ ላይ ነው።

የነገው የሰቃ ሠርግ አዳራሽ ጨለማ ነው። የካሜራውን አይኤስኦ ለብርሃን ብለህ ከ1600 አታሳልፈው። ነጠብጣቡ፣ ኖይዙ፣ ከመጣም ይምጣ፤ ኮምፒውተር ላይ ሙልጭ አድርገህ አታጽዳው።
ኦርጅናሉንም አትደምስስ።

እስካሁን አልነገርኩህም። የእናቴን ፎቶ ለለቅሶው ከኖይዙ ስታጸዳው የግንባሯ ንቅሳት አብሮ ጠፋ። አክስቴ ይዛው ልታለቅስ ተነሳችና «ይቺ እህቴ አይደለችም» ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

አንተ ለደግ ብለህ ነው። ብርሃን ዓይኗን ያማታል ብዬ፣ መስኮት ዘግቼ በ12800 አይኤስኦ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ያውም ታማ ከተኛች በኋላ። ስንቱን ሙሽራ ሳነሳ እሷን «ነገ» እያልኩ ቆየሁ።
ኦርጅናሉ ተደምስሷል፤ ሌላ ፎቶ የላትም።

ነገ የሙሽራዋን እናት ውጪ አውጥተህ በፀሐይ አንሳልኝ።

ልዑል