ስለ እናቴ የጉልበት እንክብል እና ጎድሎ ስለተመለሰልኝ ብልቃጥ

ለክቡር የምግብ ማሟያዎች መመርመሪያ ላቦራቶሪ ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬንና ለሙሉ ጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ። ምኞቴ ከወዲሁ የተፈጸመ ይመስላል፤ ከሁለት ወር በፊት ቢሮዎ ስመጣ በከዘራ ተደግፈው ሲያነክሱ ያየሁዎ ሰው፣ ባለፈው ሰኞ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ሲወጡት፣ ፊትዎም ሞልቶ ጉንጭዎም ቀላ ብሎ በማየቴ ከልቤ ተደስቻለሁ።

እኔ የታሪክ መምህርት ስሆን፣ ይህን በአደባባይ የምጽፈው «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ስለሚባል ነው። እናቴ ጡረታ የወጣች ስልክ አቀባባይ ናት። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ጉልበቷ ግን ከአንደኛው ፎቅ በላይ አልሄድም ካላት ቆይቷል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤትዎ ክብ ማኅተም ያረፈበትን፣ «ከተፈጥሮ ዕፅዋት ሥር ብቻ የተዘጋጀ» የሚል የጉልበት እንክብል ገዝታ መዋጥ ጀመረች። እውነቱን ለመናገር ተአምር ነበር። አስቤዛዋን ራሷ ተሸክማ ደረጃውን ትወጣና፣ እኔ መሐል ላይ አረፍ ስል «አንቺ ልጅ፣ እርጅናዬ ተጋባብሽ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። ፊቷ ሞላ፣ ጉንጯ ቀላ፤ እኛም ምን እንደሆነ ሳናውቅ ተስማማሽ እያልን መረቅናት።

ከዚያ እንክብሉ አለቀ። ሱቁ ለጥቂት ቀናት ተዘግቶ ስለነበር ሳትውጥ ሰነበተች፤ አንድ ቀን ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ተዝለፍልፋ ወድቃ አገኘኋት። ሐኪሟ እንክብሉ ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ተቀላቅሎበታል፣ የወደቀችውም ሰውነቷ ከለመደው በኋላ በድንገት ስለተቋረጠባት ነው ብሎ ጠረጠረ። መድኃኒቱ ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደገባበት ካላወቀ ግን ቀስ በቀስ ሊያላቅቃት የሚችለው በግምት ብቻ መሆኑን ነገረኝ። አዲስ ብልቃጥ ገዝቼ ወሰድኩለት፤ ከፍቶ ተመለከተውና ወደ እናንተ ላከኝ። ላደረጋችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ናሙናዬ እሽጉ የተከፈተ በመሆኑ እንደማይመረመር በአክብሮት ስለተገለጸልኝ አመሰግናለሁ። ሐኪሙም እሽጉን ሳይከፍት ውስጡን ማየት ባለመቻሉ ይቅርታ ይጠይቃል።

፪. በምትኩ የእንክብሉ አስመጪ ራሱ መርጦ፣ ራሱ አሽጎ፣ በራሱ መኪና ናሙና እንዲያመጣ መጋበዛችሁን ሰምቼ ተደንቄአለሁ። ይህን አሠራር ለተማሪዎቼ እንዳይነግሩብኝ አደራ፤ ፈተናውን ራሳቸው አውጥተው፣ ራሳቸው አርመው፣ ማርኩን ብቻ እንድፈርምበት ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም።

፫. ምርመራው በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ነገር በውስጡ መኖሩን ብቻ እንደሚያረጋግጥ ባለሙያዎ አስረድተውኛል። ሥር ተብሎ ተጽፏል፤ ሥር ተፈለገ፤ ሥር ተገኘ። ሌላ ነገር ቢኖርበትስ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ያልተጻፈውን ምን ብለን እንፈልጋለን ሲሉ በቅንነት መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። ሌባም እኮ ስሙን በራፍ ላይ ጽፎ ካልገባ፣ ቤቱ ውስጥ አለ ብሎ መፈለግ ድካም ነው። «ብቁ» የሚለውን የውጤት ወረቀት ለሐኪሙ ሰጠሁት፤ ሁለቴ አንብቦ፣ አራት ላይ አጥፎ፣ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ከሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር አደረገው። ጠረጴዛው እስካሁን አልተነቃነቀም፤ መሥሪያ ቤትዎ ለሕመምተኛ የሠራውን መልካም ሥራ መካድ አልፈልግም።

፬. የዚሁ ወረቀት ቅጂ ሱቁ መስታወት ላይ ተለጥፏል። ከአቤቱታዬ በፊት ይጠራጠሩ የነበሩ ጎረቤቶቻችን ሁሉ አሁን ልባቸው ሞልቶ እየገዙ ነው። ከታች የሚኖሩት ጡረተኛ አናጢ ትናንት ደረጃ ላይ አቁመው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ እናቴ እስካሁን ከአልጋ አልወረደችም። ሐኪሟ በግምት እየሰጣት፣ በግምት እየቀነሰላት ነው። እንደ ወትሮዋ ትቀልዳለች፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ።

የላቦራቶሪዎ መሣሪያዎች ከአቧራና ከሥራ ተጠብቀው ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

በማኅተምዎ አምና የዋጠች እናት ልጅ

ማስታወሻ፦ ቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ በእጄ ያስቀመጥኩት ብልቃጥ እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ከዚያው ጠረጴዛ ስረከበው ከወገቡ በታች ወርዷል። ላቦራቶሪው አንዲት ፍሬ እንዳልነካ በጽሑፍ ስላረጋገጡልኝ፣ የጎደለው በማን ሆድ እንደተመረመረ አልጠይቅም። እናቴም ደረጃውን እንዲሁ ነበር የምትወጣው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና፣ ሰኞ ዕለት ብልቃጡን ስለወሰድኩብዎ በድንገት አቋርጠው እንዳይወድቁብን፣ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የእናቴ ሐኪም ደግ ሰው ነው፣ ይቀበልዎታል። ነገር ግን የዋጡት ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። እሽጉ የተከፈተውን ብልቃጥ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ እባክዎን ከመሄድዎ በፊት ያስመርምሩት።