ከደጄ ይነሣ ስለተባለው የሮማን ቆርቆሮ

ለተከበሩ አቶ ኪዳነማርያም
የሰፈራችን የደጅ ማሳመር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ገዳሪፍ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ባለፈው ወር በደጅዎ ያስተከሉት ሣርስ እንዴት ሰነበተ? የሣሩን ጤና የምጠይቀው ከሰው አስበልጬው አይደለም። በዚህ ሐሩር በቀን ሁለት ጊዜ ሲጠጣ እያየሁ፣ ውሃ የሚያመላልስልን ጋሪ፣ የካሮው አህያ ታመመ በተባለበት ሳምንት እኛ አንድ በርሚል ውሃ ለሦስት ቤት ስለተካፈልን፣ ሳልጠይቀው ባልፍ ነውር መስሎኝ ነው። እኔ ብቻዬን ከቀረሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ።

ይህን በግልጽ መጻፌ ከድፍረት አይቆጠርብኝ። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስቱንም ጊዜ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተብያለሁ፤ ስለ እኛ ደጅ ይህን ያህል መሰብሰብዎ አስደንቆኛል። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈምና ግድፈት ቢያገኙ እንደ ትልቅነትዎ ይለፉኝ።

ኮሚቴዎ በላከልን ወረቀት እስከ መጪው ሐሙስ በየደጁ ያለ አሮጌ ቆርቆሮ ከነተክሉ እንዲነሣ፣ ከተዘረዘሩት ከአራቱ ተክሎች በቀር ሌላ እንዳይታይ አዝዟል። ጥቂት አቤቱታ አለኝ።

፩. ስለ ምርጫችሁ። ሣርና ጽጌረዳ ውሃ ካጡ በዚህ አገር ሳምንት እንደማይከርሙ፣ ደማስ የሚሉት ዛፍም ሥሩን ወደ ጎረቤት ቧንቧ እንደሚልክ የምናውቀው እኛ ያልተማርነው ብቻ ስለሆንን፣ ኮሚቴው በዚህ መጨነቅ አልነበረበትም። አራተኛው ጀሃነሚያ ነው። አበባው ያምራል፣ ድርቅም ይችላል፤ ነገር ግን ሱዳኖቹ ስሙን ያወጡለት ከገሃነም እንደሆነ ነግረውኛል። ጠዋት ቆሜ በማማትብበት ደጅ ላይ እንዲህ ያለ ዘበኛ ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ። በዕድሜዬ ከወዲሁ መላመዱ ሳይሻለኝ አይቀርም።

፪. ስለ መርማሪያችሁ። አቶ ኸሊል ሜትር ይዘው መጥተው የሮማኔን ቆርቆሮ በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው "ይሄ ቆሻሻ የማነው?" አሉ። ጎረቤቴ ሳፊያ፣ እንደ እኔው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከቋራ በእግሯ የመጣች ሴት፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "አንተ ኸሊል! ልጅ ሆነህ እዚያው ላይ ስትሸና የጋሼ ሲሳይ ሚስት አንጓች በአርጩሜ ያባረረችህ አይደለህም? ዛሬ ሜትር ስትይዝ ረሳኸው?" ብትላቸው ሜትራቸውን ጠቅልለው ሄዱ። በመዝገባቸው ላይ "አንድ አሮጌ ቆርቆሮ፣ አንዲት ተሳዳቢ ጎረቤት" ብለው እንደጻፉ ሰምቻለሁ። ሳፊያም በየትኛው ቀን እንደምትነሣ ቢያሳውቁን መልካም ነው።

፫. ስለ ቆርቆሮው። ከኮሚቴው አባላት ብዙዎቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸውና ቆሻሻ ቢመስላቸው አልፈርድም። በስደተኞች ካምፑ ዘመን ዘይት የሚታደለን በቆርቆሮ ነበር። ዘይቱ ሲያልቅ አፈር እንሞላበትና ጤና አዳሙንም፣ በሶብላውንም፣ ዛፉንም እዚያው እንተክል ነበር። መሬት ቆፍሮ የተከለ ሰው ልቡ ሊቀር ወስኗል እንባባል ስለነበር፣ ወደ አገር የሚመልሰን መኪና ሲመጣ አንሥተን ልንጭነው ነው። ለፋሲካ እንገባለን አልን፤ ለመስቀል አልን። ዘንድሮ አርባ ዓመታችን ነው።

በዚህ ነገር ከእኔ የከፋ አልነበረም። ባለቤቴ አንጓች በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ከኒው ሀልፋ የመስኖ እርሻ አንዲት የሮማን ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። ከደጃችን ፊት ጉድጓድ ቆፍራ ልትተክላት ስትል ደረስኩና አፈሩን በእግሬ መለስኩት። "ልትቀሪ ነው እንዴ የመጣሽው?" አልኳት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ "እሺ፣ አንተ እንዳልክ" አለችኝ። በማግስቱ ችግኟ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ሆና እዚያው ቦታ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የቤት ራስነቴ ደስ አለኝ።

፬. ይህኛው አቤቱታ በማን ላይ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ኮሚቴው ይፍረድ። አንጓች ያረፈችው ይህ የሱዳን ጦርነት በተነሣበት ዓመት፣ በክረምቱ ነው። እዚሁ ከቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ቀበርኳትና፣ ድንጋይ ሊሠራላት የመጣውን ግንበኛ "አፅሟን ይዤ እገባለሁ፣ ምንም አይጫንባት" ብዬ መለስኩት። እስካሁን የአፈር ክምርና የእንጨት መስቀል ብቻ ነው ያለባት። ተክሎቿንም ውሃ ማጠጣት ተውኩ። ኀዘን ነው እላለሁ፤ ስንፍናም አለበት። ክረምቱ ወጥቶ ሐሩሩ ሲገባ ጤና አዳሙም በሶብላውም በዐሥራ አምስት ቀን አለቁ። ሮማኑ ግን አልደረቀም። ይባስ ብሎ አበበ።

ቀትር ላይ ሰፈሩ ሁሉ ጋደም ሲል ውሃ ሲፈስ እሰማ ጀመር። በጆግ፣ ቀስ እያለ፣ ሦስት ጊዜ እያረፈ፤ እሷ እንደምታጠጣው። ስወጣ ማንም የለም፤ የላይኛው አፈር አመድ ነው፣ ቅጠሉ ግን ይስቃል። መጀመሪያ ሳፊያን ጠረጠርኩና "ወላሂ፣ ለራሴም የለኝ!" ብላ ተቆጣችኝ። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ጠበል ሰጡኝ፤ ሦስት ወር ሙሉ በየዓርቡ ረጨሁበት። እሱንም ጠጥቶ ለመለመ። "ምን ትፈልጊያለሽ?" ብዬ ጠይቄአታለሁ። "ምን በደልኩሽ?" ብዬ ግን አልጠየቅኋትም፤ መልሱን ፈርቼ።

፭. ምስጋና። ባለፈው ቅዳሜ ትእዛዛችሁን አክብሬ ቆርቆሮውን አቅፌ ላነሣው ሞከርኩ። እንቢ አለኝ። ዙሪያውን ብቆፍር ቆርቆሮው ቂጥ የለውም። ዝገት በልቶት እንዳይመስላችሁ፤ በቢላዋ ዙሪያውን ተቆርጦ፣ ስለቱ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፏል። አንጓች የቀሚሷን ጠርዝ እንደምታጥፈው ነው የታጠፈው። ከክንዴ የወፈረ ሥር እኔ በእግሬ በመለስኩት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወደ ታች ሄዷል። ሠላሳ አንድ ዓመት በደጄ የቆመው ተጓዥ ዕቃ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በማግስቱ ተክላ ጨርሳለች።

መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ሳፊያ መጣችና ሳሳያት አልደነቃትም። "ጋሼ ሲሳይ፣ ሴቱ ሁሉ እኮ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እናንተ ወንዶቹ አንድ ቀን ጎንበስ ብላችሁ አላያችሁም" አለችኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ያለ ኮሚቴዎ ትእዛዝ ሚስቴን ሳላውቃት እሞት ነበርና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቆርቆሮውን በመቀስ ቆርጬ ከደጃፌ አስቀምጫለሁ፤ ሐሙስ ቆሻሻ የሚጭነው ካሮ ሲመጣ ይውሰደው። ሮማኑ ግን ከዝርዝራችሁ ውስጥ ባይኖርም ከደጄ አይነቀልም። መጥረቢያ ይዞ የሚመጣ ካለ ዳዊቴን ይዤ ከሥሩ ተቀምጬ ያገኘኛል፤ አቶ ኸሊል እኔንም ይለኩኝ። ግንበኛውንም አስጠርቼዋለሁ። ለአንጓች ድንጋይ ይሠራላታል፤ ክረምቱ ሲገባም ከሮማኑ ሥር ከበቀሉት ቡቃያዎች አንዱን በራስጌዋ እተክላለሁ፤ በቆርቆሮ አይደለም።

የቀትሩ ውሃ አሁንም ይሰማኛል። ወጥቼ ማየቱን ትቻለሁ። ከአልጋዬ ሆኜ "እሺ፣ አንቺ እንዳልሽ" እላለሁ።

ሣርዎ ለምልሞ፣ በርሚልዎ ሞልቶ፣ ስብሰባዎ ሳይቋረጥ እንዲያኖርዎ አምላክን እየለመንኩ፣ ከፊትዎ በትሕትና ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ሲሳይ ደረሶ
ግንቦት ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ገዳሪፍ

እንደገና፦ ነፍሳቸውን ይማርና የእናትዎ የሎሚ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ከሣርዎ መካከል እንደቆመ፣ "ቅርስ ነው" ተብሎም ከትእዛዙ ነፃ እንደወጣ ሰምቻለሁ። በየዓመቱ በስብሰባ ላይ "የእናቴን ሎሚ አንሥቼ አገሬ እገባለሁ" ሲሉም አጨብጭቤአለሁ። ከሐሙስ በፊት አንድ ጊዜ አቅፈው ሊያነሡት ይሞክሩ። ሳፊያ እንደነገረችኝ አንጓች ቢላዋውን የተዋሰችው ከእናትዎ ነው።