በቅጹ ላይ የጠፋውና የተጻፈው

ይመርዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። ከተለያየን ሦስት ክረምት አለፈ። ይህንን በገዛ እጄ ነው የምጽፍልህ፤ ከፈለግህ ሳቅብኝ። ዘማች ተማሪዎቹ መጥተው ፊደል አስቆጠሩኝ፤ አንተ ሳታየኝ ተማሪ ሆንኩልህ።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። መሬቱ የአራሹ ሆኖ፣ በፊታውራሪው ማሳ ላይ ዘንድሮ ወንድምህ ገብስ ዘርቶበታል። ትንሿ ልጅህ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ስትቆጣ ቅንድቧን የምትሰበስበው ቁርጥ አንተን ነው። እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ አንድ ወረቀት መቀመጫ ነስቶኛል።

መካነ ሰላም ውስጥ በረሃብ የተጎዱ ሕፃናት የሚመገቡበት ቤት ሊከፈት ነው፤ ምግብ የምትሠራ ሴት ይፈልጋሉ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ቅጽ ሰጠኝና እስከ ዛሬ የሠራሽውን ሥራ ሁሉ ሞልተሽ ከነገ ወዲያ ጠዋት አምጪ አለኝ። ካንተ ጋር ያረምኩትን፣ ያጨድኩትን ልጽፍ ስል፣ እሱን ማን ሥራ ይለዋል ብሎ ሳቀብኝ። ከፊታውራሪው ቤት ጠላ ጠማቂ ነበርኩ ስለው ደግሞ ዓይኑን አፈጠጠ፤ ዘመኑን አታውቂም ወይ፣ የአድኃሪ ቤት ሰው ብለው ይጥሉሻል አለኝ። ተውኩት። አንተ እህል ጭነህ የመጣህ ዕለት የተያየነው በዚያ ጓሮ ነበር፤ እሱንም አብሬ አጠፋሁት።

የቀረኝ በረሃቡ ጊዜ በተሰደድንበት መጠለያ የሠራሁት ነው። ጸሐፊው ይህን ከሁሉ አስቀድመሽ ጻፊ፣ የሚቀጥሩሽ በዚህ ነው ይላል። እኔ እጽፈዋለሁ፣ በላጲስ አጠፋዋለሁ፣ ደግሞ እጽፈዋለሁ። ወረቀቱ እዚያ ላይ ሳስቶ ሊቀደድ ነው። ደጅ ወጥቼ እመለሳለሁ፣ የታጠበውን ጣሳ እንደገና አጥባለሁ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር አዲስ ለሚገባ ሰው ቀጭን አጥሚት፣ በትንሽ ኩባያ፣ ቀስ በቀስ ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። የተራበ አንጀት ድንገት ከጠገበ ይገድላል ብሎናል። ጭልፋውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ለሌላው ሰው ሁሉ እንዳለን አደረግሁ። አንተ በሬዬን ትቼ አልሄድም ብለህ ቤት ቀርተህ፣ በሬው ሲሞት በሰው ተደግፈህ መጣህ። ለባሌ በኩባያ ልለካለት? አፈርኩ። ለሠራተኛ ከሚሰጠን ገንፎ አምጥቼ አጎረስኩህ። በእኛ ቤት ጉርሻ አንድ ሆኖ አያውቅም፤ ደገምኩህ፣ ሠለስኩህ። እጅሽን ይባርከው አልከኝ። በማግስቱ ሳይመሽ ሞትክ። ድሬሰሩ ምን በላ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ኩባያውን ብቻ አልኩት።

አሁን ያንን ሥራ ጽፌ ብቀጠር፣ በሞትህ እንጀራ የምበላ ይመስለኛል። ብተወው ደግሞ ልጆችህን ምን ላብላቸው? ይመርዬ፣ አንዳንዴ እቆጣሃለሁ፤ ምነው ቀድመህ ከእኛ ጋር በመጣህ! ወዲያው ደግሞ ያንን እጄን አየዋለሁ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ግን ሊከፈት ስላለው የሕፃናቱ ቤት አሰብኩ። እናቶቹ ከነጠላቸው ሥር ቂጣ ደብቀው ይገባሉ። ልጃቸውን ሲያዩ ኩባያውን ይንቁታል። ይህን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ማን አለ? በመጠለያ ጭልፋ ያዥ ብዬ ጻፍኩ፤ ላጲሱንም ለልጅህ መለስኩላት።

ከቀጠሩኝ ቂጣ የያዘችዋን እናት ከበሩ አውቃታለሁ። እጇን ይዤ አስቀምጣታለሁ። ስምህን ጠርቼ፣ ለድሬሰሩ ዋሽቼ የደበቅሁትን ለእሷ እነግራታለሁ። ለሚቀጥለዋም፣ ከእሷ በኋላ ለምትመጣዋም። እስከ ዕለተ ሞቴ የማስብህ እንዲህ ነው።

ያንተዋ እታለም