ለአገጬ የሰፋሁት ማሰሪያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ዘጠኝ

ከማንኮራፋት ደብተሬ፣ የጠዋቱ ውጤት፦ ጎረቤት ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ደብድባለች። አፌ ደርቋል። ራስ ምታቱ እንደ ወትሮው ነው።

የሆዴ ልጅ፣ ይህን አይተሽ እንዳታዝኚ። ዛሬ ደስታ ወንበር ላይ አላስቀምጥ ብሎኛል። እግርሽ ማበጡን ተወ? ስትቀመጪ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው። ባልሽ ሳህን ቢያጥብ እጁ አይሟሟም።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። አምና አንድ ወር ልቆይ ብዬ መጥቼ በአምስተኛው ቀን የተመለስኩት እንዳልኩሽ ለሱቄ ዕቃ ገብቶ አልነበረም። በማለዳ ስወጣ ባልሽን መኪናው ውስጥ ጃኬቱን ተከናንቦ ተኝቶ አገኘሁት። «እማማ፣ ለሥራ ቀደም ልበል ብዬ ነው» አለኝ። ቀኑ እሑድ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ መዋሸት ግን አያውቅበትም። «ለወሊዴ ነይልኝ» ስትዪኝ «ሱቁን ለማን ጥዬ?» ያልኩሽም ለዚህ ነው። እኔ በማንኮራፋበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት አራስና ሕፃን እንዴት ይተኛሉ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ላስቲክ ልትገዛ መጥታ ስልኳ ላይ የባሏን ማሰሪያ አሳየችኝ። ከአገጭ ሥር ተነስቶ በጆሮ በኩል አናት ላይ የሚታሰር ነው፤ አፍ ተዘግቶ እንዲያድር፣ ማንኮራፋትም እንዲቀንስ። አየሁት፤ ላስቲክና ኮሽ ብሎ የሚላቀቀው ማጣበቂያ ነው። ሁለቱም መደርደሪያዬ ላይ ሞልተዋል!

የመጀመሪያውን ከሻንጣ ላስቲክ ሰፋሁት። መንጋጋዬን ገጥሞ ያዘውና ስልክ ሲደወል «ሃሎ» ማለት አቃተኝ። ሁለተኛውን ከልጆች ሱሪ ላስቲክ ሰፋሁ። እሱ ተስማማኝ፤ አራት ቀን ግድግዳው ዝም አለ። ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «እትዬ፣ ቤት ለቀቁ እንዴ?» አለችኝ። ከዚህ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል? ወሬው ገበያውን አዳረሰና ዐሥራ አንድ ሰው አሰፍቶ ወሰደ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ሱቁ ጭር ሲል ጎኔ ያለውን ጫማ ሰፊ ጠራሁት። «ቁጭ በልና ስማ፤ አንዲት ድምፅ ካወጣሁ ሳቅብኝ» አልኩት። ማሰሪያዬን አድርጌ ጥቅል ጨርቅ ላይ ጋደም አልኩ። የነቃሁት ትከሻዬን ይዞ ሲነቀንቀኝ ነው።

«ምነው? አንኮራፋሁ?»

«ማንኮራፋቱማ በስንት ጣዕሙ! ድምፅሽ ጠፋ ብዬ ስስቅ ትንፋሽሽም አብሮ ጠፋ። ደረትሽ ይታገላል፣ አየር የለም። ሃያ ስድስት ቆጠርኩ። ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ሳብሽና ደግሞ ጠፋሽ።»

«ትቀልዳለህ።»

«በዚህ አይቀለድም።»

ያ ቀልደኛ ሰው ውኃ አምጥቶ እስክጠጣ ከአጠገቤ አልተነሳም።

ስሕተቴ የነጋዴ ስሕተት ነው። ዕቃ ተመልሶ ካልመጣ ደህና ነው እላለሁ። ግድግዳው ዝም ሲል ዳንኩ ብዬ ዝምታውን ለሰው ሸጥኩ። ትናንት ማታ ማሰሪያውን አውልቄ ተኛሁ፤ ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጫማ ሰፊውም ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ። ያን ሁሉ ደንበኛ ጥሎ ለምን እንደመጣ እንጃለት።

ነርሷ ማሰሪያውን አገላብጣ አየችና «ስፌቱ ያምራል» አለች። «አፉን ከፍቶ ለሚያንኮራፋ አንዳንድ ሰው ድምፁን ይቀንስለታል። የሚቋረጥ ትንፋሽን ግን አያክምም። ጠዋት ጠዋት ራስዎን ያምዎታል?»

«ከድካም ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

የየጠዋቱን ውጤት የምጽፍበትን ደብተሬን ሰጠኋት። አንድ በአንድ ስትገልጥ ቆየች። በመጨረሻ «ብዙ ችለዋል» አለችኝ። መጀመሪያ በእንቅልፌ ልመረመር ይገባል። ያሰበችው ከሆነ በአፍንጫ አየር የሚሰጥ መሣሪያ አለ።

«ትልቅ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ትንሽ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።»

ሻንጣ ውስጥ ይገባል! ሰማሽ ልጄ? ከወንበሬ ብድግ ብዬ ሳምኳት።

ስመለስ ዐሥራ አንዱንም ዞሬ «ቅድሚያ ተመርመሩ» ብዬ ማሰሪያቸውን ሰበሰብኩ። ሥጋ ሻጩ ብቻ «ሚስቴ ወደ መኝታ ቤት የመለሰችኝ በዚህ ነው፤ አልሰጥም!» ብሎ አንገራገረ። «ከሚስትህ ጋር የምትታረቀው እኮ በሕይወት ስትኖር ነው» አልኩት። አጉረመረመና ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

አባትሽ ካረፈ ወዲህ ትንፋሼን የቆጠረልኝ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለብኝ በምን ላውቅ? እንዳትሰጊ፤ እኔ አልፈራሁም። ይህን ደብዳቤ ሁለቴ እንደገና የጻፍኩት እጄ ስለደከመ ነው።

የተሸከምሽውን በሰላም ተገላገይ። የቤታችሁ በር ለደግ ነገር ይከፈት። ባልሽ መኪናው ውስጥ የተኛው ከማንኮራፋቴ ሸሽቶ መሆኑን እንዳወቅሁበት አትንገሪው፤ ያፍራል።

እናትሽ

ነገ፦ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆስፒታል፣ ለእንቅልፍ ምርመራ መመዝገብ። ስመለስ ወደ እናንተ የሚመጣው አውቶቡስ በየትኛው ቀን እንደሚነሳ መጠየቅ።