የታጠበው ባቄላ

ቅዳሜ፣ ማርች 14

ታጠበ! ባቄላዬ በሙሉ ታጠበ።

ትናንት ዘሩን አርጥቤ፣ ባቄላን በሚያፋፋው ጥቁር የባክቴሪያ ዱቄት ለውሼ፣ ኪችን ውስጥ ትሪ ላይ አስጥቼው ነበር። ዛሬ ኤርፖርት ሰው አድርሼ ብመለስ አማቴ እማማ ብርቄ ሦስት ጊዜ አጥበው ነጭ ፎጣ ላይ ዘርግተውታል። «ይሄን ሁሉ ጥላሸት ልትበሉት ነበር? ትንሹን ለንፍሮ ቀቅዬዋለሁ» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

አማትን ማን ይቆጣል? «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ንፍሮውን በላሁ። ይጣፍጣል። ያናድዳል።

ሌላ ዱቄት ኦርደር ባደርግ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ያኔ ለዘር ይረፍዳል። አሌክሳንድሪያ ያለችውን የአትክልት ቦታዬን ሦስት ዓመት ወረፋ ጠብቄ ነው ያገኘኋት። አምና ጥሬ የዶሮ ኩስ አልብሼ ጎመኑን አቃጠልኩት፤ ባዶዋን ከረመች። ቦታውን ከሚያከራዩት የመጣው ኢሜይል ግልጽ ነው፤ ኤፕሪል 25 ሲጎበኙ ምንም ካልበቀለ ለተረኛ ትሰጣለች።

እሑድ፣ ማርች 15

ከቅዳሴ በኋላ እማማን ይዤ ወደ አትክልት ቦታዬ ሄድኩ። ከአገር ቤት ከመጡ አራት ወራቸው ነው፤ ከምንኖርበት ከስካይላይን ፎቅ የሚወርዱት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

የዘንድሮው ፍግ ከፈረስ ቤት የመጣ ነው፤ ዊንተሩን ሙሉ ሸራ ሥር ከርሟል። ዘግነው አሸተቱት። «ይሄስ በስሏል።» እፎይ!

«ባቄላን ፍግ ብቻ አይበቃውም» አልኳቸው። «ሥሩ ላይ ተጠግቶ ከአየር ምግብ የሚሠራለት ባክቴሪያ አለ። ዱቄቱ ነበረኝ፤ አለቀ።»

አለቀ! ውሸታም።

አሰብ አደረጉና፣ «አባቴ አዲስ መሬት ላይ ሲዘራ ከአሮጌው የባቄላ ማሳ አፈር አምጥቶ ይበትን ነበር። ባቄላ የበቀለበት አፈር ባቄላ ያውቃል» አሉ።

እንዴት አላሰብኩትም! የአትክልት ቦታ ጎረቤቴ ዶን ራሞን፣ ሳልቫዶራዊው ሽማግሌ፣ በየዓመቱ አተር ይዘራል። የአተርና የባቄላ ባክቴሪያ አንድ ነው። እማማ በአማርኛ፣ እሱ በስፓኒሽ ተነጋገሩና ሁለት ባልዲ አፈር ሰጠን። ከፍጉ ጋር ቀላቅለን የተረፈውን ዘር ዘራን።

ሰኞ፣ ማርች 16

ባለቤቴ ሶስና እስካሁን ትስቃለች። «ዱቄቱን እንዳጠበችው ለምን አትነግራትም?»

«አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኔ የለሁበትም!»

ይሉኝታ ይገለኛል። ቅያሜዬም አልወጣልኝም፤ ዛሬ እማማን በቅጡ እንኳን ሰላም አላልኳቸውም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 3

በቀለ! ቅጠሉ ግን ፈዛዛ ነው። ባክቴሪያው ባይኖርስ? «ታገሥ፣ ገና ሕፃን እኮ ነው» ይሉኛል እማማ። አሁንማ እሳቸው ናቸው ጫማ አድርገው በር ላይ የሚጠብቁኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 25

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ጉልበት የደረሰውን አረንጓዴ ባቄላ አየች፣ ታብሌቷን ነካ ነካ አደረገች። ለዓመትም የእናንተ ናት አለችን። ተመስገን!

ግን ያፋፋው ፍጉ ይሁን ባክቴሪያው፣ ሳላውቅ ልሂድ? አንዱን ነቀልኩ።

«ምነው! ምን በደለህ?» ጮሁ እማማ።

ሥሩ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች ተሰካክተዋል። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት። ውስጡ ሮዝ ነው። ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው እየሠራ ነው።

ስገልጽላቸው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «ያ ጥላሸት… ይሄ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ያጠብኩት?»

«አዎ።»

«ንፍሮውንም ዝም ብለህ በላህ?»

«በላሁ።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ስድስት ሳምንት የያዝኩት ቅያሜ የት እንደገባ አላውቅም።

የነቀልኩትን ራሳቸው መልሰው ተከሉት፣ ዙሪያውን በእጃቸው ጠቅጠቅ አደረጉ። «ሁለተኛ እንዳትነካው። ሳምንት መጥቼ አየዋለሁ» አሉኝ። ተክሉ አንገቱን ደፍቷል። ይጸድቅ ይሆን?