የጎጎ ቶኮ ወንበር

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14
ዳቦው ዘግይቶ መጣ። ከፋሲካ በኋላ የሁሉም ኪስ ባዶ ነው፤ ገበያ ቀዘቀዘ። «ማይ ፍሬንድ፣ ግማሽ ዳቦ» አለኝ አንዱ ጎልማሳ ደንበኛዬ። እዚህ ቴምቢሳ፣ በጥቁሮቹ ሰፈር፣ የሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ ይኸው ነው። ባለቤቴ ባንችይርጋ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ፋሲካ… አለፈ። ተመስገን።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16
ዱካሞ ከታችኛው መንገድ ደወለ። እሱም ባለሱቅ ነው።
«ጋሼ ወርቁ፣ እሑድ የነጻነታቸው ቀን ነው። ጠጥተው ሱቅ ይሰብራሉ እየተባለ ነው። ቆልፈህ ውስጥ ቁጭ በል።»
አምና የእሱን ሰብረውበታል። አልፈርድበትም። እኔስ በዚያ ቀን መች ወጥቼ አውቃለሁ? እኔ ከመዝጊያው ጀርባ፣ ባንችይርጋ ውጭ። «በሰው አገር በዓል ምን አገባሽ?» ስላት፣ «የአከራያችንን የአሮጊቷን ወንበር ማን ይያዝላት?» ትለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17
ጎጎ ቶኮ በምርኩዟ መጣች። «ጎጎ» አያት ማለታቸው ነው፤ የዚህ ቤት ባለቤት ናት፤ ተከራይዋ ነኝ። ስኳር ገዛች፣ ግን አልሄደችም።
«እሑድ ወንበሬን ማን ይይዝልኛል?»
የስኳሩን መልስ ቆጠርኩላት።
«ሚስትህ ነበረች የምትይዝልኝ።»
«ጎጎ፣ ሱቁን ማን ይጠብቅልኛል?»
ሳቀች። «ሱቁ እግር አለው እንዴ?»
እሺም እምቢም ሳልላት እያነከሰች ሄደች። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እሑድ፣ ሚያዝያ 19፣ ዳግም ትንሣኤ
ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው በር ዘግተው ሳሉ ጌታ በመካከላቸው ቆመ… ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ስለ ቶማስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ «በር ዘግተው» የሚለው ያዘኝ።
ከቅዳሴ መልስ ሱቁን ቆለፍኩት፤ በውጭ በኩል። ወንበሩን ተሸክሜ ከጎጎ ኋላ ሄድኩ።
ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሽማግሌዎቹ ተሰልፈዋል። በፈረንጆቹ 94 ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡ ቀን እንደ ቆሙት፣ በዚያው ተራቸው። ንግግር የለ፣ ጭፈራ የለ። አንዱ አሮጌ ሱፉን ለብሷል፣ አንዷ ብርድ ልብስ ደርባለች። ግን በመሃል በመሃል ክፍት ቦታ…
«እነዚህስ?» አልኳት።
«የሞቱት ናቸው። ሰልፉ ሲራመድ እነሱም ይራመዳሉ።»
ድምፅ የሌለው እንዲህ ያለ በዓል አይቼ አላውቅም።
ወንበሯን አኑሬ ከኋላዋ ልቆም ስል በምርኩዟ ከለከለችኝ።
«እዚያ አይደለም። ወደ ኋላ በል።»
«የማን ቦታ ነው?»
«የወንበር ያዤ።»
ባንችይርጋ እዚህ አገር አንድም ቀን መርጣ አታውቅም። በጥገኝነት ወረቀት ኖራ በጥገኝነት ወረቀት ነው የሞተችው። ከጎጎ ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ ግን እኔ ሳልመጣ ገና፣ ፈቀቅ ብለው ለሷ ቦታ ትተውላት ነበር። ለእኔም ፈቀቅ አሉልኝ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ።
ሰልፉ ተራመደ። ባዶው ቦታም ተራመደ። እኔም ከኋላው… ጌታ ሆይ፣ ምን አሳየኸኝ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20
በዓሉ እሑድ ስለዋለ በአገሩ ሕግ ዛሬም ሥራ የለም። ሱቁን ማንም አልነካውም።
ዱካሞ ደወለ። «ዘግተሃል አይደል?»
«ከፍቻለሁ።»
«ጋሼ፣ ደህና ነህ?»
ደህና ነኝ። የጎጎ ወንበር እኔ ጋ ነው፤ «ለከርሞ አንተው ዘንድ ይቀመጥ» ብላኛለች። በሩ ላይ አደረግኩት።
ረፋድ ላይ ግማሽ ዳቦ የሚገዛው ጎልማሳ መጣ። ሳንቲሙን ሰጥቶኝ ቆመ።
«ትናንት አየሁህ» አለኝ። «ከሚስትህ ኋላ ተሰልፈህ።»
«አዎ» አልኩት።